የሐይቁ ዳር የማን ነው?

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተወልደን ያደግን ተማሪዎች ይህ ተረት በራሳችን ላይ መፈጸሙን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ 47 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ቢሾፍቱ ይደርሳል። ቢሾፍቱ የሐይቆች ከተማ መሆንዋን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ተምረናል፤ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ጨለለቃ እያልን ስማቸውን በቃላችን እንወጣዋለን። ነገር ግን ያ መንገደኛ ከተማዪቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያቋርጥ ሐይቅ ስለ መኖሩ የሚነግረው በአብዛኛው የሆቴሎች ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው እንጂ ውሃው ራሱ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ የገጠመኝ ነገር ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋት አክስቴ ለቅሶ ለመድረስ ከአዳማ ወደ ቢሾፍቱ ስትሄድ እኔም ተከትያት ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ከወጣን በኋላ፣ በልጅነትዋ ልብስ ታጥብበት የነበረውን የሐይቅ ዳር ሳታይ ወደ አዳማ መመለስ እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ተያይዘን ሄድን። ቁልቁለቱን የሚያወርደው የጥንቱ የእግር መንገድ ከነበረበት ስፍራ ስንደርስ ግን ያገኘነው ረጅም የድንጋይ አጥርና የብረት በር ነው። በበሩ ላይ የቆመው ወጣት ጥበቃ በትሕትና ተነሥቶ፣ «እማማ፣ መግቢያ ይከፈላል» አላት። ዋጋውን ሲነግረን ለሁለታችን የሚጠየቀው ገንዘብ ከአዳማ ደርሶ መልስ ከከፈልነው የመኪና ኪራይ የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት።

«እኔ እንኳ ውሃውን አይቼ ልመለስ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለችው።

«ምን ላድርግ እማማ፣ እኔም እዚሁ ሰፈር ነው የተወለድሁት፤ የታዘዝሁትን ነው የምፈጽመው» አላት።

አክስቴ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ታዲያ አንተስ ዋና የምትዋኘው የት ነው?» ስትል ጠየቀችው። ልጁ ፈገግ ብሎ አቀረቀረ እንጂ መልስ አልሰጠም። እኛም ውሃውን ሳናይ ተመለስን።

በዚያ ወጣት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እርሱ እንጀራውን ነው የጠበቀው። በአጥሩ ባለቤትም ላይ ክስ ለማቅረብ አልተነሣሁም፤ ቦታውን በሕግ መርቶ፣ ገንዘቡን አፍስሶ፣ ለሰው ሥራ ከፍቶ ይሆናል። የእኔ ጥያቄ ከአንድ በርና ከአንድ ሆቴል በላይ የሆነ ነው። ይኸውም፣ ሐይቅ ባለበት ከተማ የሚኖር ድኻ ሰው ገንዘብ ሳይከፍልና ፈቃድ ሳይለምን ከውሃው ዳር ተቀምጦ የሚተነፍስበት ስፍራ ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ሐይቆቹ ምን እንደ ሆኑ እናስታውስ። የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ ከምድር ውስጥ የወጣ የጋለ ቅላጭ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳ ጊዜ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ስለዚህም ገደላቸው ቀጥ ያለ፣ ጥልቀታቸውም ብዙ ነው። በ1960ዎቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የተደረገው ጥናት የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ያህል፣ የሆራ ሐይቅ ደግሞ 38 ሜትር ያህል ጥልቀት እንዳላቸው አስታውቋል። ከእነዚህ ሐይቆች ተነሥቶ የሚፈስ ወንዝ የለም። የገባባቸው ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ብርድና ነፋስ በሚበረታባቸው ወራት አየር የሌለው የሥረኛው ውሃ ወደ ላይ እየተገለበጠ ዓሣው በጅምላ ሞቶ የሚንሳፈፍበት ጊዜ እንዳለ የባቦጋያ ዓሣ አጥማጆች ያውቃሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ውሃ እንደ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት የሚቀመጥ አይደለም። ብዙ ዓይን ሊያየው፣ ብዙ ሰው ሊቆረቆርለት ይገባል። ከአጥር ጀርባ ቆሻሻ ቢፈስበት ማን ያያል? ያላየስ ሰው እንዴት ይከራከራል?

ሁለተኛ፣ የሐይቁ ዳር ከጥንት ጀምሮ የማን እንደ ነበረ እንይ። የሆራ አርሰዲን ዳርቻ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ ብራ ሲሆን፣ ከመስቀል በኋላ፣ የኦሮሞ ሕዝብ ከየአቅጣጫው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ፣ አባ ገዳዎቹን አስቀድሞ ወደዚያ ይወርዳል፤ ሣሩን ከውሃው እየነከረ ለፈጣሪው ምስጋና ያቀርባል። ወደ ኢሬቻ የሚሄድ ሰው «የዚህ ዳርቻ ባለቤት ማነው?» ብሎ አይጠይቅም። የመሬት ካርታ፣ የሊዝ ውልና የግንባታ ፈቃድ የሚባሉት ነገሮች ሳይታወቁ በፊት ያ ዳርቻ የሕዝብ አደባባይ ነበረ። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ብዙ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ማጣታቸውንም አንረሳም። ያ ቀን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ነው፤ ለዛሬው ጉዳይ የማነሣው ግን ሕዝብ ምን ያህል ዋጋ ከፍሎም ቢሆን ወደዚያ ዳርቻ መውረዱን እንዳልተወ ለማሳየት ነው። በየዓመቱ አንድ ቀን ለሁሉ የሚከፈት ዳርቻ፣ በቀሩት ቀኖችና በቀሩት ሐይቆች ለሁሉ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

በእርግጥ አጥር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከሐይቆቹ ዳር የቤተ መንግሥትና የባለሥልጣኖች የዕረፍት ቤቶች ነበሩ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ብዙው ወደ መንግሥት እጅ ገባ። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ለባለ ሀብቶች ተመርቶ በባቦጋያና በኩሪፍቱ ዙሪያ ሎጅና ሪዞርት እየተከታተለ ተሠራ። ከዘመን ወደ ዘመን የአጥሩ ባለቤት ተለዋወጠ እንጂ አጥሩ አልተለወጠም። ከውጭ የቆመውም ሰው ያው የድሮው ሰው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደ ሆነ ይደነግጋል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የአገሪቱ የውሃ ሀብት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ያረጋግጣል። ስለዚህ ስለ ውሃው ባለቤትነት የሚያከራክር ነገር የለም። ነገር ግን ውሃው የሁሉ ሆኖ ሳለ ወደ ውሃው የሚያደርሰው መሬት ሁሉ ለጥቂቶች ከተሰጠ፣ «ጉድጓዱ የጋራችን ነው፤ ገመዱ ግን የእኔ ነው» እንደ ማለት ይሆናል። ገመድ የሌለው ሰው የጉድጓዱ ባለቤት መባሉ ጥሙን አይቆርጥለትም።

አንዳንድ አንባብያን የሚያነሡትን ተቃውሞ አስቀድሜ ለመመለስ እሞክራለሁ።

አንደኛው፣ «ሪዞርቶቹ ለከተማው ሥራና ገቢ አምጥተዋል፤ እነርሱን መንካት ልማትን መንካት ነው» የሚለው ነው። ሥራ ማምጣታቸውን አልክድም፤ የጎረቤቶቼ ልጆች ከእነርሱ ዘንድ ተቀጥረው ወላጆቻቸውን ይረዳሉ። ነገር ግን እኔ ይፍረሱ አላልሁም። ከውሃው ጠርዝ ጀምሮ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሚሄዱበት የእግር መንገድ ይተው ነው የምለው። ገደሉ በማያስኬድበትም ቦታ ከአፋፉ ላይ መመልከቻ ይከፈት። አልጋ የሚከራየው፣ ምሳ የሚበላው እንግዳ በዚህ መንገድ ምክንያት የሚቀርበት ነገር የለም።

ሁለተኛው፣ «ሕዝቡ ከተለቀቀበት ዳርቻውን ያቆሽሸዋል» የሚል ነው። ይህ ንግግር ያሳፍረኛል፤ የሚያሳፍረኝም በከፊል እውነት ስለ ሆነ ነው። እኛ ተማሪዎች ራሳችን የምረቃ ሰሞን ለሽርሽር ወርደን የላስቲክ ጠርሙስ በትነን እንመለሳለን። ነገር ግን ቆሻሻ የሚጥል ሰው በጥበቃ፣ በቅጣትና በትምህርት ይታረማል እንጂ ስላቆሸሸ አገሩን እንዳያይ አይደረግም። እንዲህ ቢሆን ኖሮ የከተሞቻችንን ጎዳናዎች ሁሉ ማጠር በተገባን ነበር። ደግሞም ሰው የሚጠነቀቅለት የእኔ ነው ብሎ ላሰበው ነገር ነው። በሩ ተዘግቶበት ያደገ ልጅ ለሐይቁ እንዲቆረቆር መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሦስተኛው፣ «ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ ልጆች ይሰምጣሉ» የሚል ነው። ይህ ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ ነው፤ በየጊዜው ሰው ይሰምጣልና። ነገር ግን አጥር ልጅን ከሐይቅ አይከለክልም፤ ሰው ከሌለበት ጥግ ሹልክ ብሎ እንዲገባ ያደርገዋል እንጂ። መዋኛው ተለይቶ የታወቀ፣ ዋናተኛ ጠባቂ የቆመበት፣ ሰው የሚመላለስበት ዳርቻ ሰው ከማያይበት ጥግ ይልቅ ለልጅ ደኅና ነው።

ይህ የማይቻል ነገር እንዳይመስለን ቅርባችን ያለውን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረችው ሐዋሳ ሐይቁ እየሞላ ባሰጋት ጊዜ በዳርቻው የአፈር ግድብ ተሠራላት። የተሠራው ጎርፍ ለመመከት ነበር። የከተማው ሰው ግን ወጣበት፣ ተመላለሰበት፣ ፍቅር ሐይቅ ብሎ በሚጠራው ስፍራ መናፈሻ አደረገው። ማታ ማታ ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ፣ ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው፣ ተማሪው ደብተሩን ጨብጦ በዚያ ላይ ሲንሸራሸር ይታያል። ወደ አሞራ ገደል የሄደም ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ ዙሪያቸውን ከብቦ ድርሻውን ሲጠባበቅ ያያል። ሐዋሳን ያየ ሰው ስለ ከተማዪቱ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህን ዳርቻ ነው። ሐይቁም የከተማው ሰው ኩራት ስለ ሆነ፣ ቆሻሻ ፈሰሰበት ሲባል የሚጮኽለት ብዙ ነው።

ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቺካጎ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ እንደ እኛዎቹ ከተሞች ባሕር የላትም፤ በሚችጋን ሐይቅ ዳር የተመሠረተች የሐይቅ ወደብ ናት። በ1836 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የከተማው ቦታ ለሽያጭ ሲሸነሸን፣ ሥራውን የያዙት ሹማምንት በካርታው ላይ ከሐይቁ ዳር ያለውን አንድ ቁራሽ መሬት ለዘለዓለም ክፍት ሆኖ ሕንፃ ሳይሠራበት የሕዝብ እንዲሆን ጽፈው ተዉት። ዓመታት ካለፉ በኋላ ከተማዪቱ ስትበለጽግ ብዙዎች ቦታውን ተመኙት። በዚህ ጊዜ ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ ነጋዴ በ1890 ክስ አቀረበ፤ ያንን የካርታ ጽሑፍ ይዞ በራሱ ገንዘብ ሃያ ዓመት ያህል በየፍርድ ቤቱ ተከራከረ። ልማት አደናቃፊ እየተባለ ተነቀፈ፤ በመጨረሻ ግን ረታ። ዛሬ በዚያች ከተማ የሐይቁ ዳር አብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ 29 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የእግርና የብስክሌት መንገድም በዳርቻው ተዘርግቷል። ያን ሁሉ ያዳነው አንድ መስመር ጽሑፍና አንድ እልኸኛ ሰው ነው። ባለ ሀብትነትና ለሕዝብ ጥቅም መቆም የማይስማሙ ነገሮች እንዳልሆኑም ከዚህ እንማራለን።

እኛ ዘንድ ያ አንድ መስመር ጽሑፍ የሚጻፍበት ሰዓት አሁን ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ልጆቻችን የውሃ ዳር የሚያዩት በሐይቅና በወንዝ ብቻ ነው። በየከተማው የኮሪደር ልማት እየተባለ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ሲሠራ እያየን ነው፤ የእግረኛ መንገድ ከአስፋልት ዳር ከተቻለ ከሐይቅ ዳር የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። በሌላ በኩል ደግሞ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራ ተወስኗል። ይህ ለአገር ደስታ ነው፤ ነገር ግን የመሬቱ ዋጋ በዚያው መጠን እንደሚንር ለመገመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ዛሬ አንድ ሜትር ያላስቀረን ሰዎች ነገ አንድ ስንዝር አናገኝም። ውሃ ሲወስድ እያሣሣቀ ነው ይባላል፤ የእኛን ሐይቆች ግን እያሣሣቀ የወሰደብን አጥሩ ነው። አንድ ዓመት አንዱ ጥግ ታጠረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላው፤ እኛም በየዓመቱ «ገና ሌላ ቦታ አለ» እያልን ቆየን።

ዝም ያሉት ሐይቆች ምን እንደ ደረሰባቸው ደግሞ በዓይናችን አይተናል። ሐሮማያ ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሆኖ፣ ምሁራን በየቀኑ እያዩት፣ ከሃያ ዓመት በፊት ደረቀ፤ በኋላ ውሃ የተመለሰለት ብዙ ከተደከመበት በኋላ ነው። አብጃታም ውሃው ለፋብሪካና ለመስኖ እየተቀነሰበት ዳርቻው ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ሐይቅ የሚሞተው ሰው ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ሲል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ በበኩሌ የሚከተለውን ለተማሪዎች ማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የጂኦግራፊና የቅየሳ ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት የቢሾፍቱን ሐይቆች በእግራቸው ዞረው፣ ሰው ሳይከፍል ከውሃው የሚደርስባቸው ቦታዎች ስንት እንደ ቀሩ በካርታ ይመዝግቡ። ቁጥር የሌለው ክርክር ስሞታ ይባላል፤ ካርታ ይዞ የሚቀርብ ሰው ግን ይደመጣል።

ሁለተኛ፣ የሕግ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ረዳትነት የሊዝና የውሃ ሕጎችን መርምረው፣ ውል ሲታደስና አዲስ ቦታ ሲመራ የእግር መንገድ እንዲተው ማስገደድ የሚቻልበትን መንገድ ያጥኑ።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ይህን ጥናት ይዞ ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያመልክት፤ የአገር ሽማግሌዎችንና አባ ገዳዎችን፣ እንዲሁም ባለ ሆቴሎቹን ራሳቸውን በአንድ አዳራሽ ያነጋግር። ከባለ ሆቴሎቹ መካከል ፈቃደኛ ሆኖ ቀድሞ አጥሩን ወደ ኋላ የሚስብ አንድ ሰው ቢገኝ፣ ሌሎቹን ለማሳመን የእርሱ ምሳሌነት ከብዙ ደብዳቤ ይበልጣል።

አራተኛ፣ እኛ ራሳችን ወደ ሐይቅ ስንወርድ ይዘን የሄድነውን ይዘን እንመለስ። ለሰው መብት የሚናገር አፍ የላስቲክ ጠርሙስ የሚጥል እጅ ካለው ማንም አይሰማውም።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የእኛ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። እነርሱ የጠየቁት የአገሪቱን መሬት በሙሉ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሚሄዱበትን መንገድ ብቻ ነው። የእነርሱን ያህል ድፍረት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ጥቂት ትጋትና አንድ የክረምት ዕረፍት ይበቃዋል።

አክስቴ ወደ አዳማ ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ብዙም አልተናገረችም። ሞጆን ካለፍን በኋላ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንተ ትምህርትህን ስትጨርስ አንድ ቀን ከፍለህ ታስገባኛለህ» አለችኝ። እንደ ምርቃት አድርጋ ነው የተናገረችው፤ እኔም አሜን አልሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳስበው ቆይቻለሁ። አክስቴን ከፍዬ ማስገባት የምችል ሰው መሆን መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ከፍሎ የሚያስገባት የወንድም ልጅ የሌላትስ እናት? የመማራችን ፍሬ ከበሩ ውስጥ የምንገባ ሰዎች መሆን ብቻ ከሆነ፣ የጥበቃውን ልጅ ቀና ብለን ለማየት የምንችል አይመስለኝም።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ በዚህ አሳብ የምትስማሙ ስማችሁን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ የማትስማሙም ተቃውሞአችሁን በሚቀጥለው እትም ጻፉ። የሐይቁ ዳር የማን እንደ ሆነ እኛ ካልተነጋገርንበት ሌላ ሰው በአጥር ይወስንልናል።